ካቱ ከግሡ በፊት ወይስ ከግሡ በኋላ?

ጅማ ውስጥ ለጀማሪ ኤዲተሮችና ለፊልም ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነገ ጠዋት ከነሱ ጋር አዲስ አበባ አልሄድም።»

ይህን መስመር አንዲት ልጅ ለእናቷ ትናገራለች እንበል። ቤቱ እዚሁ ጅማ ነው። እናት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ረከቦቱ ላይ ሲኒ ትደረድራለች፤ ልጅቱ በሩ ጋ ቆማለች። ሁለት ሾት አለን፤ አንዱ የልጅቱ ፊት፣ ሌላው የእናትየው። ከልጅቱ ወደ እናትየው የምንቆርጠው፣ ማለትም ካቱ የሚወድቀው፣ የትኛው ቃል ላይ ነው? የዛሬው ንግግር በሙሉ ከዚህች ጥያቄ የሚወጣ ነው።

አማርኛ ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። «ነገ ጠዋት ከነሱ ጋር አዲስ አበባ» እስኪባል ድረስ ልጅቱ ትሂድ ትቅር እናትየው አታውቅም፤ ተመልካቹም አያውቅም። በእንግሊዝኛ ቢሆን አሉታው ገና ከመነሻው ይወጣል፤ ቦታውና ሰዓቱ ከኋላ ይከተላሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፊልም ኤዲተር አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ወደ አድማጩ ፊት ቢቆርጥ፣ አድማጩ የሚደነግጥበትን ነገር ቀድሞ ሰምቷል። እኛ ያንኑ ምት ስንኮርጅ ግን እናትየው ገና ባልሰማችው ነገር ስትደነግጥ እናሳያለን። ያየ ሰው «ትወናዋ ደካማ ነው» ይላል። ትወናው ደህና ነው፤ ካቱ ነው ቸኩሎ የገባው።

መስመሩ ሦስት ሴኮንድ ተኩል ወሰደ እንበል። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ቋሚ ምስል) ስንሠራ 87 ፍሬም ገደማ ይሆናል፤ «አልሄድም» ከዚያ ውስጥ 15 ፍሬም ያህል ትይዛለች። «ም» ካለቀች በኋላ ብንቆርጥ ተመልካቹ ውሳኔውን ከልጅቱ አፍ ይቀበላል፤ እናትየው ጋ ስንደርስ ፊቷ ነገሩን ውጦታል። ትዕይንቱ የልጅቱ ከሆነ ይህ ልክ ነው። «አዲስ አበባ» ብላ ትንፋሽ ስትወስድ ብንቆርጥ ደግሞ ቃሉ በእናትየው ፊት ላይ ይወድቃል፤ ትዕይንቱ የእናትየው ሆነ ማለት ነው። ሦስተኛው መንገድ ቃሉ ውስጥ ገብቶ መቁረጥ ነው። ልጅቱ «እሄዳለሁ» ልትል ቢሆን ኖሮ በ«እ» ትጀምር ነበር። «አል» ስትል ጆሯችን ነገሩን ጨርሶታል፤ «ሄድም» ማረጋገጫ ብቻ ነው። ከ«አል» 3 ወይም 4 ፍሬም በኋላ ምስሉ ወደ እናትየው ቢዞር፣ ውሳኔውን ከልጅቱ ፊት አግኝተን የመስማቱን ቅጽበት ከእናትየው ፊት እናገኛለን። ለሁለት ሰው ንግግር መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ካልሠራ ወደ ሁለቱ ይኬዳል።

አፋን ኦሮሞም ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ በዚህ ከተማ እንደተለመደው ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቃችሁ ብትሠሩ ነገሩ አይለወጥም። «ሂን ዴሙ» («አልሄድም») ሲባል «ሂን» ያለውን ሥራ አድምጡ። በነገራችን ላይ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲቀርቡ ያን ያህል የማይጎረብጡት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ቱርክኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ይጥላል፤ አሉታውንም ግሡ ላይ ይለጥፋል። ካቱ ለዚያ ቋንቋ የተሠራ ቢሆንም ለእኛም ይገጥማል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ቴክ (የአንድ ሾት አንዱ ቀረጻ) ተመርጦ ታይምላይን (የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ መደርደሪያ መስመር) ላይ ከተደረደረ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ስክሪኑን ማጥፋት ነው፤ ወይም ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ። ትዕይንቱ እንደ ሬዲዮ ድራማ ይደመጥ። የተደጋገመው ይወጣ፣ የዘገየው ይሰብሰብ፣ የተፋጠነው ይተንፍስ። ዓይን ሳይጨመርበት ታሪኩ ከተሰማ አጥንቱ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ተቃራኒው ይደረግ፤ ድምፁ ተዘግቶ ምስሉ ብቻ ይታይ። ዓይን የሚዞርበት፣ ተዋናይ የሚጨፍንበት፣ እጅ የሚቆምበት ቦታ ምልክት ይደረግበት። የንግግሩ ምትና እነዚህ የምስል ምልክቶች አንድ ቦታ ካልወደቁ፣ ብዙ ጊዜም አይወድቁም፣ የንግግሩን ምት አትንኩ፤ ምስሉን ወዲህ ወዲያ በሉት። ጀማሪ ግን ምስልና ድምፅን አንድ ፍሬም ላይ አብሮ ይቆርጣል። ተናጋሪ ይታያል፣ ይናገራል፣ ሌላው ይታያል፣ ይናገራል፤ ፒንፖንግ ይሆናል። አምስት ልውውጥ ሳይሞላ ተመልካች ካቱን መቁጠር ይጀምራል።

መድኃኒቱ ሁለቱን ማለያየት ነው። የሚቀጥለው ተናጋሪ ድምፅ ከምስሉ ቀድሞ ሲገባ ጄ ካት፣ የፊተኛው ድምፅ በሌላው ምስል ላይ ሲቀጥል ኤል ካት ይባላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ ንግግር ከ6 እስከ 12 ፍሬም ማቀደም ይበቃል። ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ሲሆን አንድ ሁለት ሴኮንድ ይሄዳል፤ የባጃጁ ድምፅ ገና ሳሎን ውስጥ እያለን ይጀምራል፣ ከዚያ መንገዱ ይታያል። ሁሉንም እንዲህ ማድረግም ሌላ በሽታ ነው። ድንገት መምታት ያለበት ቃል ቀድሞ ከተሰማ ጉልበቱን ያጣል፤ እዚያ ቦታ ቀጥ ያለው ካት ይሻላል።

በመስመሮች መካከል ያለው ዝምታ የኤዲተሩ ነው። ተዋናዩ ያመጣውን ርዝመት የመቀበል ግዴታ የለም። ግን «ፊልሙ ይፍጠን» ተብሎ ዝምታ ሲታጨድ የሰው ጠባይ አብሮ ይታጨዳል። ልጅ ለአባቱ በ2 ወይም በ3 ፍሬም ልዩነት ከመለሰ የእኛ ሰው የሚሰማው አፍ መንጠቅን ነው፤ ጨዋ ተደርጎ የተጻፈው ገጸ ባሕርይ ባለጌ ሆኖ ይወጣል። ያው መልስ ከ12 እስከ 15 ፍሬም ቢዘገይ አክብሮት ነው፤ 40 ፍሬም ቢዘገይ ኩርፊያ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ የተለወጠው ክፍተቱ ነው።

ከተለያየ ቴክ ቃል መዋስ የተለመደ ሥራ ነው። ምስሉ ከቴክ 4፣ የመጨረሻዋ ቃል ከቴክ 2፤ አፍ የማይታይበት ከትከሻ በላይ የተነሳ ሾት ካለ ማንም አያውቅም። አማርኛ ላይ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው አንቱታ ነው። ተዋናይ በአንዱ ቴክ «ይግቡ» ብሎ በሌላው «ግቢ» ሊል ይችላል፤ ሁለቱ ሲሰፉ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ባልቴቷ እርስዎም አንቺም ይሆናሉ። ስክሪፕቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቴክ የአክብሮቱን ዓይነት ጽፎ መያዝ ያድናል።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን ስለማያሳየው ኤዲተሩም ይረሳዋል። «ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው ያዳምጣል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ድምፁ ለሌላው ይደርሳል ማለት ነው። «አባትህ አይሰማም» ስትል ግትር ነው እያለች ነው ወይስ ስልኩ ተቋረጠ? ልዩነቱ ያለው «ሰ» እና «መ» ላይ የሚጨመረው ርዝመት ላይ ነው፤ የጠበቀው ተነባቢ ከላላው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፣ በእኛ ሒሳብ ሁለት ሦስት ፍሬም ነው። መስመር ለማሳጠር ከቃል መሃል 2 ፍሬም የሸረፈ ሰው ትርጉሙን ሳያውቅ ገልብጦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቃል ውስጥ አይሸረፍ፤ ከቃላት መካከል ይሸረፍ። የግድ ከሆነ አናባቢው ላይ ይሁን፤ ከዚያም ስክሪፕቱን ያላየ ሰው ተጠርቶ «ምን አለች?» ተብሎ ይጠየቅ።

ፈንጂዎቹ ድምፆች፣ ማለትም ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ በሌላ በኩል ለኤዲተር ስጦታ ናቸው። «በቃ» የምትለውን ቃል ዌቭፎርሙ (የድምፁ ሥዕል) ላይ አጉልታችሁ እዩ። «በ» ትታያለች፣ ከዚያ ሦስት አራት ፍሬም የሚሆን ጠፍጣፋ መስመር ይመጣል፣ ከዚያ «ቃ» እንደ ምሰሶ ትቆማለች። ጠፍጣፋው ጉሮሮ ተዘግቶ አየር የታፈነበት ጊዜ ነው። የምስሉን ካት እዚያ ጠፍጣፋ ላይ አድርጉት፤ ፍንዳታው የአዲሱ ሾት የመጀመሪያ ፍሬም ላይ ይወድቃል። ጆሮ በፍንዳታው ስለሚያዝ ዓይን ካቱን አያየውም። ኖይዝ ጌት የሚባለውን፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲያገኝ የሚዘጋውን መሣሪያ በግዴለሽነት የለቀቀ ሰው ግን ይህንን ያበላሻል፤ ጌቱ ጠፍጣፋውን ዝምታ መስሎት ይዘጋል፣ ሲከፍት ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይዘገያልና የ«ቃ»ን ራስ ይበላል። «በቃ» ያለው ቆራጥ ሰው «በሃ» የሚል ይሆናል።

ትንፋሽም እንዲሁ ነው። የውጭ ማሠልጠኛ ቪዲዮዎች በቃላት መካከል ያለ ትንፋሽን አጽዱ ይላሉ። እኛ ግን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንል ሰዎች ነን። ያቺ አጭር ስቦሽ ሙሉ መልስ ናት፤ ስክሪፕቱ ላይ ላትጻፍ ትችላለች፣ ተዋናይ ግን ያደርጋታል። ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ማለትም ጫጫታ መቀነሻው መሣሪያ፣ ከነፋስ አይለያትም። መልስ የነበረው ዝምታ ይሆናል፤ እናት ፈቅዳ ሳለ እንዳልፈቀደች ይታያል። ማንኛውም የማጽጃ መሣሪያ ከመከፈቱ በፊት ትንፋሾቹ በጆሮ ተለይተው ወደ ራሳቸው ትራክ (የድምፅ መስመር) ይውጡ።

የጅማ ድምፅ ራሱ ካት ይወስናል። ዝናብን እንውሰድ። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀዳ ንግግር የሚያስቸግረው ዝናቡ ጮክ ስላለ ብቻ አይደለም። የቆርቆሮ ዝናብ ከታች እስከ ላይ ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ ይይዛል፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ እና ከ የሚለዩበትን ከ2 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ሠፈር ይሞላዋል። እዚያ ላይ በኖይዝ ሪዳክሽን ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል መቀነስ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ውኃ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። በዚያ ላይ ዝናቡ አንድ ዓይነት አይደለም። ቴክ 1 ካፊያ፣ ቴክ 3 ዶፍ፣ ቴክ 5 እንደገና ካፊያ ነው፤ ሲሰፉ ጣሪያው በየካቱ ይከፈታል ይዘጋል።

የሚያዋጣው የቆሸሸውን ማጽዳት ሳይሆን የጸዳውን ማቆሸሽ ነው። ከቀረጻው በኋላ ያው ክፍል ውስጥ፣ ያው ማይክ ባለበት፣ ማንም ሳይናገር 2 ወይም 3 ደቂቃ ዝናብ ብቻ ይቀዳ። ያ ቅጂ ከትዕይንቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትራክ ሳይቆረጥ ይዘርጋ። ካፊያ ያላቸው ሾቶች ዶፉን ከትራኩ ይዋሳሉ። ከዚያ ቴኮቹ ሲመረጡ ዝናቡ እየጨመረ እንጂ እየተዋዠቀ እንዳይሄድ ይታሰብ። ትወናው እኩል ከሆነ ቴክ የሚመረጠው በዝናቡ ነው። ድንገት መለወጥ ካለበት ለውጡ በር ሲዘጋ፣ ነጎድጓድ ሲመታ ወይም ጀበና ሲቀመጥ ይደበቅ። ይህ ሁሉ አልሆን ካለ መስመሩ ስቱዲዮ ውስጥ በድጋሚ ይቀዳል፤ ወይም ይጣላል። ፊቷ የሚናገረውን ነገር አፏ መድገም የለበትም።

አዛንም እንደዚሁ ይመጣል። ቴክ 3 ላይ ከመስጊድ የተነሳ ጥሪ ገብቶ ሌሎቹ ላይ ከሌለ፣ ካት በተደረገ ቁጥር ዜማው ይበጠሳል። እዚህ አገር የሚያየው ሰው ዜማውን በቃሉ ስለሚያውቅ ከመሃል መበጠሱ ከቴክኒክ ስህተት አልፎ ድፍረት ይመስለዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴም እንዲሁ። ጥሪው እስኪያልቅ ጠብቆ መቅረጽ ይቀላል። ትዕይንቱ ጥሪውን ከፈለገ ደግሞ ንግግሩ ያለ እርሱ ተቀርጾ፣ ጥሪው ለብቻው ሙሉውን ተቀድቶ ከሥር ይዘርጋ፤ ካቶቹም በጥሪው ማረፊያዎች ላይ ይገጠሙ።

ቡና ሲወቀጥ የተቀረጸ ንግግር ኤዲት አይሆንም ብንል ማጋነን አይደለም። ዘነዘናው ምት አለው፤ ሁለት ፍሬም ሲወጣ ምቱ ይሰናከላል፣ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። ተዋናይዋ ሙቀጫው ውስጥ ጨርቅ ተደርጎ ያለ ድምፅ ትውቀጥ፤ ንግግሩ ንጹሕ ይቀዳ፤ የውቅጫው ድምፅ ለብቻው ተቀድቶ በኋላ በምስሉ ላይ ይገጠም። ሲኒም ያው ነው፤ ረከቦቱ ላይ ቀጭን ጨርቅ ይነጠፍ። ፍሪጅ ካለ ይነቀል፤ በ50 ኸርዝና በእጥፎቹ የሚያጉረመርመው ድምፅ ኮምፕረሰሩ በበራ ጊዜ ገብቶ በጠፋ ጊዜ ስለሚወጣ ካቱን ሁሉ ያጋልጣል። መልሶ መሰካትን ላለመርሳት የቤታችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቁልፉን ሳትይዙ አትሄዱም።

ሩም ቶን፣ ማለትም ማንም ሳይናገር የሚሰማው የክፍሉ ድምፅ፣ ያለ ዝናብም ይቀዳል፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ደቂቃ። ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ዝምታና ብሎኬት ቤት ውስጥ ያለው ዝምታ አንድ አይደለም። ሁለት መስመር ተለያይቶ መካከሉ ባዶ ሲቀር ተመልካች ድምፁ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ያያል።

ስለ ሲንክ፣ ማለትም ስለ ድምፅና ምስል መገጣጠም፣ ባጭሩ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ሰው ድምፅ ከምስል 45 ሚሊ ሴኮንድ ሲቀድም ይነቃል፣ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊ ሴኮንድ ላይነቃ ይችላል። አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሴኮንድ ስለሆነ አንድ ፍሬም መቅደም ከሦስት ፍሬም መዘግየት እኩል ይጎረብጣል ማለት ነው። ምክንያቱ በተፈጥሮ ድምፅ ከብርሃን ቀድሞ ስለማያውቅ ነው፤ 34 ሜትር ርቆ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ድምፁ 100 ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ጥርጣሬ ካለ ወደ መዘግየት አዘንብሉ።

ሲንክ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ከሆነ ግን ድምፁን መግፋት አይፈታውም። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ የሚይዘው የፍሬም ቁጥር አንድ ወጥ አይደለም፤ ኤዲት ከመጀመሩ በፊት ወደ ቋሚ 25 ይቀየር። ድምፁ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ተቀድቶ ፕሮጀክቱ እንደ 48 ካነበበው ደግሞ ወደ 9 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ይህ ከመጀመሪያው ሴኮንድ ስለሚሰማ ለመለየት ቀላል ነው። የሚያታልለው የሁለት መሣሪያ ሰዓት ልዩነት ነው፤ ግማሽ ሰዓት በሚያህል ረጅም ቴክ ላይ አንድ ፍሬም ብቻ ሊያንሸራትት ይችላል። ቴክ አጭር ይሁን፤ በየቴኩ መጀመሪያ ካሜራ ፊት ይጨብጨብ።

ምስል የሚቆረጠው በፍሬም ነው፤ ድምፅ ግን በ48 ኪሎ ኸርዝ በአንድ ፍሬም ውስጥ 1920 ነጥብ አለው። የንግግር ካት ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከመጣ ዌቩ ከዜሮ መስመር ርቆ ተቆርጧል፤ ከ1 እስከ 2 ፍሬም ክሮስፌድ (አንዱ ድምፅ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ መሸጋገር) ያጠፋዋል። የክፍሉ ድባብ ከሾት ሾት የሚለይ ከሆነ ከ12 እስከ 24 ፍሬም ያስፈልጋል። ለዚህ እንዲመች ልጅቱ በአንድ ትራክ እናትየው በሌላ ትራክ ይሁኑ፤ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ የሁለት ሴኮንድ ትርፍ ይተው። ለሚክሰሩ (ድምፁን ለሚያዋህደው ባለሙያ) ትርፍ የሌለው ክሊፕ የሰጠ ሰው ፌድ የማድረጊያ ቦታ ነፍጎታል። ደረጃውን በተመለከተ በቀረጻ ጊዜ ከፍተኛው ድምፅ -12 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ለማሠራጫ የሚሰጠውን ተቀባዩን ጠይቁ፤ የአውሮፓ ቴሌቪዥኖች -23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ይላሉ፣ ዩቲዩብ ከ-14 ገደማ በላይ የመጣውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ወደ እናትና ልጅ እንመለስ። «አል» ተብሎ 3 ፍሬም፤ ምስሉ እናትየው ላይ ነው፤ «ሄድም» በእርሷ ፊት ላይ አለቀ። አሁን እጅ ወደ ልጅቱ መመለስ ይፈልጋል። ይታገሥ። 20 ፍሬም የቆርቆሮ ዝናብ ብቻ ይሂድ። ከዚያ ያቺ ወደ ውስጥ የተሳበች ትንፋሽ ትምጣ፤ ሙሉዋ በእናትየው ፊት ላይ ትሁን፣ ምክንያቱም ምልክቷ ቅንድብ ላይም አለ። ትንፋሿ ካለቀች ከ8 ፍሬም በኋላ ወደ ልጅቱ ይቆረጥ። የእናትየው ቀጣይ መስመር «ቡናው ቀዘቀዘ» ነው። «ቡናው» በልጅቱ ፊት ላይ ይሰማ፤ ልጅቱ ምን እንደሚከተል አታውቅምና ዓይኗ ይጠብቃል። «ቀዘቀዘ» ውስጥ ሁለት ቀ አለ። ምስሉን ከሁለተኛው ቀ በፊት ያለው ጠፍጣፋ ላይ ወደ እናትየው እጅ ቁረጡት፤ ጀበናው ገና ከረከቦቱ አልተነሳም።